ከስፍራው የወጣ ሴንሰር፤ የጥገናው ሥራና የባለሙያው ኃላፊነት

(ለማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ ንግግር)




ከመስቀል አደባባይ ተነሥቶ ወደ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ በሚዘልቀው በአፍሪካ ጎዳና የሚጓዝ ሰው፣ ወሎ ሰፈር ሲደርስ ሁለት ዓይነት አዲስ አበባ ጎን ለጎን ቆመው ያያል። በጎዳናው ዳርና ወደ ጎተራ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ምድር ቤታቸውን ለመኪና ማቆሚያ የለቀቁ ፎቆች ይታያሉ። ከፎቆቹ ጀርባ ደግሞ ሁለት መኪና ለመተላለፍ የሚቸገርባቸው፣ የግቢ በር፣ የኤሌክትሪክ ምሰሶና የድንጋይ ጠርዝ የሚጋፉባቸው፣ ሕፃናት የሚጫወቱባቸው የውስጥ መንገዶች አሉ። በእንዲህ ያለ ስፍራ መኪናን ወደ ኋላ መንዳት አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ጉዳይ ሳይሆን የዕለት ተዕለት ግዴታ ነው።

ይህን ግዴታ ለረጅም ዘመን ሲያቃልል የኖረው ከመኪናው ኋላ ቆሞ፣ የመኪናውን አካል በመዳፉ እየመታ «ና! ና! ትንሽ ና! በቃ!» የሚለው ሰው ነበር። እርሱ ዛሬም ከሥራው አልተፈናቀለም። ነገር ግን ከእርሱ ጎን ሌላ ረዳት መጥቷል፤ ይኸውም በመኪናው የኋላ ፓራውልት ላይ እንደ ካፖርት ቁልፍ ተሰክቶ የሚታየው ፓርኪንግ ሴንሰር ነው። የዚህ ንግግር ርእስ ይህ ትንሽ ዕቃ ከመቀመጫው ሲወጣ ወይም ወደ ውስጥ ሲገባ እንዴት መጠገን እንዳለበት፣ ጥገናውም በባለሙያው ላይ ምን ዓይነት ኃላፊነት እንደሚጥል መመርመር ነው።

ጉዳዩ ለጉባኤ የማይበቃ ትንሽ ነገር መስሎ ይታይ ይሆናል። ይሁን እንጂ ዝም ያለ መሣሪያ ነጂውን ወደ ገዛ ዓይኑ ይመልሰዋል፤ ሐሰት የሚናገር መሣሪያ ግን ነጂው ዓይኑን እንዳይጠቀም ያደርገዋል። በችኮላ የተለጠፈ ሴንሰር አደጋው እዚህ ላይ ነው።

1. ዕቃውና ወደ ጋራዡ የመጣበት መንገድ

የአገራችን የጋራዥ ቋንቋ ከጣሊያንኛ ብዙ ወርሷል። ከወሎ ሰፈር ብዙም የማይርቀው ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው በወረራው ዘመን ለጣሊያን መንግሥት ሠራተኞች ከተሠሩት ቤቶች መጠሪያ እንደሆነ ይታወቃል። ካቻቢቴና ፒንሳ፣ ፍሬንና ስፖኪዮ፣ ፓራፋንጎና ፓራውልት የመጡትም ከዚሁ ቋንቋ ነው። ፓራፋንጎ ማለት ጭቃ ከልካይ፣ ፓራውልትም ግጭት ከልካይ ማለት ነው። እንግዲህ ፓራውልት በስሙም በሥራውም ለመገጨት የተዘጋጀ አካል ነው። በዚህ ሊገጭ በተዘጋጀ አካል ላይ ነው የዘመኑ መሐንዲስ እጅግ ስስ የሆነውን የመኪናውን ጆሮ የሰካው። የችግሩ ሥር የሚጀምረው ከዚህ ነው።

በድምፅ ማሚቶ የሚሠራ የኋላ ጠቋሚ በመኪና ላይ ተገጥሞ የታየው እ.ኤ.አ. በ1982 በቶዮታ ኮሮና ላይ ነው። ለብዙ ዓመታት የቅንጦት ዕቃ ሆኖ ከቆየ በኋላ ለማንኛውም አነስተኛ መኪና ተዳረሰ። በአገራችንም ሁለት እርምጃዎች መንገዱን አፋጠኑት። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ዕድሜያቸው በገፋ መኪናዎች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ተገለጠ። ከዚህም በኋላ በብዛት የገቡት የኤሌክትሪክ መኪናዎች፣ አብዛኞቹ ከቻይና የመጡ፣ ሴንሰርና ካሜራ የተሟላላቸው ናቸው። ስለዚህ ትናንት ካርቡራተር ሲያጸዳ የነበረ የሰፈር ጋራዥ፣ ዛሬ መመሪያው በቻይንኛ የተጻፈ መኪና ፓራውልቱ ተገጭቶ ሲመጣበት ምን ማድረግ እንዳለበት ማወቅ ግድ ሆኖበታል።

2. ሴንሰሩ እንዴት ይሰማል?

የሴንሰሩ ፊት ስስ የአሉሚኒየም ሽፋን ነው። ከሽፋኑ ጀርባ የተጣበቀች አነስተኛ ሴራሚክ አለች። ይህች ሴራሚክ ኤሌክትሪክ ሲደርሳት ትርገበገባለች፤ ስትርገበገብም በተራዋ ኤሌክትሪክ ታመነጫለች። አንዳንድ ማዕድናት ሲጫኑ ኤሌክትሪክ እንደሚያመነጩ ዣክና ፒየር ኩሪ የተባሉት ፈረንሳውያን ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1880 አረጋገጡ፤ የተገላቢጦሹንም በተከታዩ ዓመት አሳዩ። አንዲቷ ሴራሚክ አፍም ጆሮም ሆና የምታገለግለው በዚህ ጠባይ ነው።

ሴንሰሩ የሚያሰማው ድምፅ በሰከንድ 40,000 ጊዜና ከዚያ በላይ የሚርገበገብ ነው። የሰው ጆሮ ከ20,000 በላይ ስለማይሰማ፣ ለነጂው ይህ ድምፅ እንደሌለ ይቆጠራል። በዚህ ረገድ ሴንሰሩ የሌሊት ወፍ ታናሽ ወንድም ነው። ጣሊያናዊው ስፓላንዛኒ በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ዓይኗን ያጣች የሌሊት ወፍ ከእንቅፋት ሳትጋጭ እንደምትበር፣ ጆሮዋ ሲደፈን ግን እንደምትሳሳት ተመለከተ። ምክንያቱን፣ ማለትም ድምፅ ልካ ማሚቶውን እንደምታዳምጥ፣ አሜሪካዊው ዶናልድ ግሪፊንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ባደረጉት ምርመራ ገለጡት። ጆሮዋ የተደፈነች የሌሊት ወፍ ምን እንደሚደርስባት ያወቀ ሰው፣ ፊቱ በስቱኮ የተለቀለቀ ሴንሰር ምን እንደሚሆን ለመረዳት አይቸገርም።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ድምፅ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል። 1 ሜትር ርቆ የቆመ ግንብ ሲኖር የድምፁ ደርሶ መልስ 2 ሜትር ይሆናል፤ ማሚቶው የሚመለሰውም አንድ ሰከንድ ለ1,000 ቢከፈል በ6ቱ ክፍልፋይ ገደማ ነው። መቆጣጠሪያው ይህን ጊዜ ለክቶ ርቀቱን ያሰላል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ያላነሰ ከፍታ ላይ በመሆኗ ሴንሰሩ ይሳሳታል ብሎ የሚጠረጥር ቢኖር፣ የድምፅ ፍጥነት የሚወሰነው በአየሩ ሙቀት እንጂ በግፊቱ አለመሆኑን ማስታወስ ይበቃል። ሙቀቱ ወደ 10 ዲግሪ ቢወርድ ፍጥነቱ ወደ 337 ሜትር ያህል ይቀንሳል፤ ይህም በ1 ሜትር ርቀት ላይ ከ2 ሳንቲ ሜትር ያልበለጠ ልዩነት ነው። ስለዚህ ሴንሰር ግማሽ ሜትር የሚያህል ስሕተት ቢያሳይ ጥፋቱ ከተራራው ሳይሆን ከአገጣጠሙ መፈለግ አለበት።

ለጥገናው ሥራ ሦስት ነገሮችን በተለይ መያዝ ያስፈልጋል።

አንደኛ፤ ሴንሰሩን የምትከብበው ለስላሳ የላስቲክ ቀለበት ዕቃው እንዳይወድቅ ብቻ የተሠራች አይደለችም። ዋና ተግባሯ የሽፋኑ እርግብግቢት ወደ ፓራውልቱ እንዳይተላለፍ መከልከል ነው። ቀለበቷ ከጠፋች ወይም በማስቲሽ ከደረቀች፣ ፓራውልቱ አብሮ ይርገበገባል፤ ሴንሰሩም የገዛ ድምፁን እንደ እንቅፋት ይሰማል።

ሁለተኛ፤ ደወል የደወለ ሰው የደወሉ ድምፅ እስኪበርድ ድረስ ከጎኑ የሚንሾካሾከውን እንደማይሰማ ሁሉ፣ ሴንሰሩም ድምፅ ከላከ በኋላ ሽፋኑ እስኪረጋ ድረስ የቅርቡን ማሚቶ መለየት አይችልም። ብዙ መኪናዎች እንቅፋቱ ወደ 30 ሳንቲ ሜትር ሲቀርብ የማይቋረጥ ድምፅ ማሰማታቸው ከዚህ የተነሣ ነው። የማይቋረጠው ድምፅ «ከዚህ በኋላ አላውቅም፤ ቁም» የሚል መልእክት እንጂ «ገና ትንሽ ቀርቶሃል» የሚል አይደለም።

ሦስተኛ፤ የብዙ ሴንሰሮች ድምፅ ወደ ጎን ሰፋ፣ ወደ ላይና ወደ ታች ጠበብ ብሎ የሚወጣ ነው። ስለዚህ ላይኛው ጎን የትኛው እንደሆነ በዕቃው ላይ ምልክት ይደረጋል። ዞሮ የገባ ሴንሰር መሬቱን እያየ ያለ ምክንያት ይጮኻል።

3. ከስፍራው የሚያወጡት ምክንያቶች

የመጀመሪያው ምክንያት ግጭት ነው። የዛሬው ፓራውልት ፕላስቲክ በመሆኑ ከምሰሶ ጋር በዝግታ ቢነካካ ገባ ይልና ይመለሳል። ከውስጥ ሴንሰሩን የያዘው ማቀፊያ ግን ጥርሱ ስስ ስለሆነ ይሰበራል። ከውጭ ሲታይ ጭረት እንኳ የሌለበት ፓራውልት ከውስጥ የተሰበረ ማቀፊያ ሊኖረው የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ላቫጆ ነው። በኃይል የሚረጭ ውኃ በቅርብ ርቀት ሴንሰሩ ላይ ሲያርፍ ዕቃውን ወደ ውስጥ ይገፋል፤ ውኃውም ወደ ሶኬቱ ይዘልቃል። ሦስተኛው ቀደም ሲል የተደረገ ጥገና ነው፤ ፓራውልቱ ወርዶ ወደ ቀለም ቀቢው ሲሄድ ሴንሰሮቹ በጥድፊያ ተነቅለው፣ ጥርሳቸው ተሰብሮ፣ ፊታቸውም በወፍራም ቀለም ተሸፍኖ ይመለሳሉ። አራተኛው ከገበያ ተገዝተው በኋላ በሚገጠሙ ሴንሰሮች ላይ የሚደርስ ነው። ቀዳዳው ከሚገባው በላይ ሰፍቶ ከተበሳ፣ ዕቃው በጉድጓድ መንገድ ላይ በሚደርስበት መንገጫገጭ ቀስ በቀስ ይወጣል።

4. የጥገናው ሥርዓት

ለምሳሌ ያህል አንዲት ባለመኪና ከወሎ ሰፈር የውስጥ መንገዶች በአንዱ ወደሚገኝ ጋራዥ መጣች እንበል። ከአራቱ የኋላ ሴንሰሮች አንዱ ወጥቶ በሽቦው ተንጠልጥሏል።

«ጋሼ፣ ይቺን ቁልፍ የምታህል ነገር በማስቲሽ ለጠፍ ያድርጉልኝና ልሂድ፤ ሥራ ረፍዶብኛል» ትላለች።

«መለጠፉስ ቀላል ነበር፣ የኔ ልጅ» ይላል አዛውንቱ ሜካኒክ፤ «ግን ለምን እንደወጣች ሳናውቅ ብንለጥፋት፣ ነገ ስትዋሽሽ እኔ አጠገብሽ አልኖርም።»

በዚህ መልስ ውስጥ የጥገናው ሥርዓት በሙሉ አለ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ ምክንያቱ ሳይታወቅ የተለጠፈ ነገር በሌላ ቀን፣ በከፋ ቦታ ይወድቃል።

ሥራው የሚጀመረው በማየት ነው። መኪናው ይጠፋል፤ ሽቦው ሳይጎተት የሶኬቱ መቆለፊያ ተጭኖ ይላቀቃል። ሶኬቱ ውስጥ ውኃ ወይም አረንጓዴ ዝገት መኖሩ፣ የሽቦው ልባስ መቆረጡ፣ የሴንሰሩ ፊት መጎድጎዱ ይመረመራል። ፊቱ የጎደጎደ ሴንሰር ቀና የሚደረግ አይደለም፤ ይለወጣል።

ቀጥሎ ዕቃው በሕይወት መኖሩ ይረጋገጣል። የዚህ ዘዴ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ተመሳሳይ ክፍል ቁጥር ካላቸው፣ የተጠረጠረው ሴንሰር ከጤነኛው ጎረቤቱ ጋር ቦታ ይለዋወጣል። ጥፋቱ ሴንሰሩን ተከትሎ ከሄደ በሽተኛው ሴንሰሩ ነው፤ በቦታው ከቀረ ግን ሽቦው፣ ሶኬቱ ወይም መቀመጫው ነው። ከዚህም ሌላ፣ የእጅ ፍሬን ተይዞና ጎማው ተደግፎ የኋላ ማርሽ ሲገባ፣ በብዙ ሴንሰሮች ላይ ጣት በቀስታ ቢያርፍ ስስ ምት ይሰማል።

ሦስተኛው ተግባር መቀመጫውን ማደስ ነው። ሴንሰሩን ከፊት በካቻቢቴ መጎርጎር ሽፋኑን ያበላሻል፤ በብዙ መኪናዎች ትክክለኛው መንገድ የፓራውልቱን ብሎንና ክሊፕ ፈትቶ ከውስጥ መድረስ ነው። ፕላስቲኩ ገብቶ ከሆነ በሙቅ ውኃ ወይም በመጠነኛ ሙቅ አየር ለስልሶ ከውስጥ ይገፋል፤ የእሳት ነበልባል ፈጽሞ አይቀርበውም። የተሰበረው ማቀፊያ ቢለወጥ ይመረጣል። ሊጣበቅ ግድ ከሆነ፣ ብዙዎቹ ፓራውልቶች ፖሊፕሮፕሊን ከተባለ ፕላስቲክ የተሠሩ መሆናቸውን ማወቅ ያስፈልጋል። ይህ ፕላስቲክ ተራ ማጣበቂያን አይቀበልም፤ ማስቲሹ የያዘ መስሎ ይቆይና ፀሐይና ንዝረት ሲበዛበት እንደ ቅርፊት ይነሣል። ስለዚህ ቦታው በአሸዋ ወረቀት ይሻክራል፣ በአልኮል ይጸዳል፣ ለዚህ ፕላስቲክ የተዘጋጀ መነሻ ቅብ ይቀባል፤ ከዚያም ለእርሱ የተሠራው ሁለት ክፍል ያለው ማጣበቂያ ይውላል፤ ወይም ፕላስቲክ በፕላስቲክ ይበየዳል። ማጣበቂያው እስኪደርቅ የሚያስፈልገው ሰዓት በባለመኪናዋ ጥድፊያ አይቀነስም።

ከሁሉ በላይ አንድ ደንብ ይጠበቃል፤ የሚጣበቀው ማቀፊያው ነው እንጂ ሴንሰሩ አይደለም። ሴንሰሩ የላስቲክ ቀለበቱን ይዞ፣ ላይኛው ጎኑ ወደ ላይ ሆኖ፣ ጥርሱ «ቀጭ» እስኪል ገብቶ፣ ፊቱም ከፓራውልቱ ፊት ጋር እኩል ሆኖ ይቀመጣል። ነገ የሚመጣ ሌላ ባለሙያ ሳይሰብር ሊያወጣው መቻል አለበት። በሱፐር ግሉ የታሸገ ሥራ ተከታዩን ባለሙያ መበደል ነው።

5. ፈተናው

ብዙ ጥገና የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ ሴንሰሩ ተሰክቶ አንድ ጊዜ «ቲት» ሲል ሥራው እንዳለቀ ይቆጠራልና። በሥርዓት የሚደረግ ፈተና ግን ሁለት ክፍል አለው።

የመጀመሪያው የዝምታ ፈተና ነው። መኪናው ጠፍጣፋና ከኋላው ክፍት በሆነ ቦታ ቆሞ የኋላ ማርሽ ይገባል፤ ከመነሻው ምልክት በቀር መጮኽ የለበትም። ከጮኸ መሬቱን ወይም የገዛ ፓራውልቱን እየሰማ ነው። ሁለተኛው የርቀት ፈተና ነው። መኪናው ሳይንቀሳቀስ፣ አንድ ረዳት ከጎን ሆኖ ሰፋ ያለ የእንጨት ሰሌዳ በእያንዳንዱ ሴንሰር ፊት በየተራ በ150፣ በ100፣ በ50ና በ30 ሳንቲ ሜትር ያቆማል፤ የድምፁ ለውጥም ከጎረቤቶቹ ጋር ይነጻጸራል። አንዱ ብቻ ዘግይቶ ወይም ቀድሞ የሚናገር ከሆነ መቀመጫው ገና አልተስተካከለም። ይህ ሁሉ ከሩብ ሰዓት አይበልጥም።

በአዳዲሶቹ መኪናዎች ላይ ፈተናው ይበልጥ አስፈላጊ ነው። በአንዳንዶቹ ሴንሰሩ የሚነግረው ለነጂው ብቻ ሳይሆን ለፍሬኑም ጭምር ነው፤ የተጣመመ ሴንሰር መኪናውን ያለ ምክንያት ሊያስቆመው፣ ወይም መቆም ሲገባው ሊያሳልፈው ይችላል።

6. በደንብ የተጠገነም የማያየው

እጅግ በተስተካከለ ሁኔታ የተጠገነ ሴንሰር እንኳ ወሰን አለው፤ ይህን ለባለንብረቱ መንገር የጥገናው አካል ነው። ሴንሰሩ ማሚቶ የሚመልስለትን ይሰማል እንጂ ጉድጓድን አይሰማም። ክዳኑ የተነሣ ቱቦና ክፍት ቦይ ለእርሱ ባዶ ሜዳ ናቸው። ቀጭን ብረት፣ ዝቅ ያለ ድንጋይ፣ ከፓራውልቱ ሥር የተቀመጠ ዕቃ ሊያመልጠው ይችላል። ለስላሳ ጨርቅ ድምፅን ስለሚውጥ፣ ጋቢ የተከናነበ ሰው ከግንብ ይልቅ ደካማ ማሚቶ ይመልሳል። በክረምት በፊቱ ላይ የሚለጠፍ ጭቃ ጆሮውን ይደፍነዋል።

ከሁሉም የሚከብደው የሕፃን ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 በኒው ዮርክ ግዛት በሎንግ አይላንድ ካሜሮን ጉልብራንሰን የተባለ የ2 ዓመት ሕፃን፣ አባቱ መኪናውን በቤታቸው ደጅ ወደ ኋላ ሲነዳ ሳያየው ተገጭቶ ሞተ። በሕፃኑ ስም የተጠራው የአሜሪካ ሕግ እ.ኤ.አ. በ2008 ተፈረመ፤ ከብዙ ክርክርና መዘግየት በኋላ ከግንቦት 2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዳዲስ ቀላል መኪናዎች ሁሉ የኋላውን ምስል ለነጂው እንዲያሳዩ ግዴታ ሆነ። ደንቡ ግዴታ ያደረገው ማየትን እንጂ መስማትን ብቻ አለመሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። ሴንሰር የዓይን ረዳት ነው፤ የዓይን ምትክ አይደለም። በወሎ ሰፈር የውስጥ መንገድ ከመኪና ኋላ ኳስ ለማንሣት የሚያጎነብስ ልጅም ከዚያ ሕፃን የተለየ ጥበቃ የለውም።

7. የባለሙያው ኃላፊነት

ከላይ የተዘረዘረው ሁሉ ወደ አንድ ነጥብ ያመራል። ሴንሰር የሚጠግን ባለሙያ ፕላስቲክ ብቻ አይጠግንም፤ አንድ ነጂ በማያየው ነገር ላይ የሚጥለውን እምነት ይጠግናል። ስለዚህ መለዋወጫ ሲጠፋ ወይም ገንዘብ ሲያጥር የሚቀርቡትን ሁለት ፈተናዎች መቋቋም አለበት።

አንደኛው ፈተና የሞተ ሴንሰርን ለመልክ ያህል ቀዳዳው ላይ ለጥፎ መመለስ ነው። ቀዳዳው ይሞላል፤ ፓራውልቱ ያምራል፤ ባለንብረቱም አራት ጆሮ እንዳለው አምኖ በሦስት ይነዳል። ሁለተኛው፣ አንድ ሴንሰር ሲጎድል ሥርዓቱን በሙሉ የሚያቆመውን መቆጣጠሪያ አታልሎ እንዲሠራ ማድረግ ነው። መቆጣጠሪያው ማቆሙ ግን ብልሽት ሳይሆን ጥንቃቄ ነው፤ በከፊል ከመናገር ዝም ማለትን የመረጠው መሐንዲሱ ነው። መለዋወጫ ከሌለ ትክክለኛው ሥራ ሥርዓቱ እንደማይሠራ ለባለንብረቱ በግልጽ መናገር፣ በደረሰኙም ላይ መጻፍ፣ ቀዳዳውን ሴንሰር በማይመስል ክዳን መዝጋት ነው።

እንግዲህ ለሙያው የሚበጁ ሦስት ልማዶች ይታያሉ። ፓራውልት የሚያወርድ ላሜራ ሠራተኛና ቀለም ቀቢ ሴንሰሮቹን ቆጥሮ፣ ቦታቸውን ምልክት አድርጎ እንዲረከብና እንዲያስረክብ፤ እያንዳንዱ ጥገና በዝምታና በርቀት ፈተና ተፈትኖ ውጤቱ በወረቀት እንዲሰፍር፤ በየጋራዡ ለሚያድጉት ረዳቶችም የሴንሰሩ አሠራር ከፒንሳና ከካቻቢቴ ጋር አብሮ እንዲነገራቸው። ሦስቱም ከጥቂት ጊዜና ከእውነተኛነት በቀር ወጪ የላቸውም።

ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። በጋራዥ ውስጥ የሚጠፋው ሩብ ሰዓት ቅጠሉ ነው፤ በውስጥ መንገድ ላይ የሚደርሰው አደጋ ደግሞ እሳቱ። ባለመኪናዋ ሥራዋ ቢረፍድባት ታማርራለች፤ ምናልባትም ማስቲሽ የያዘ ሌላ ጋራዥ ፈልጋ ትሄዳለች። ሙያ የሚለካው እንዲህ ያለ ደንበኛ እስከ ማጣት ድረስ እውነቱን በመናገር ነው።